አንድ መምህር፣ አንድ ክፍል፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ገጠር ትምህርት ቤቶች የቅይጥ ክፍል መመሪያ

ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ሲባል ባሉት የገጠር ቀበሌዎች፣ በሐረሪ ክልልም በሶፊ፣ በኤረርና በድሬ ጥያራ፣ መንደሩ በየኮረብታው የተበታተነ ነው። ልጅ በእግሩ የሚደርስበት ትምህርት ቤት የግድ ትንሽ ይሆናል፤ ተማሪው ለአራት መምህር አይበቃም፣ ለአንድ መምህር ግን ይበዛል። እዚህ ላይ በምሳሌነት የምንይዘው 34 ተማሪ ያለበትን አንድ ክፍል ነው፦ 13ቱ 1ኛ ክፍል፣ 9ኙ 2ኛ፣ 7ቱ 3ኛ፣ 5ቱ 4ኛ። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 14 ዓመት ይደርሳል።

የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ የክፍል ደረጃ 10 ደቂቃ ይደርሰዋል። ይህ ማለት እያንዳንዱ ልጅ 30 ደቂቃ ያለ መምህር ይቀመጣል ማለት ነው። መምህሩ የሚጨነቀው ለ10ሯ ደቂቃ ነው፤ ክፍሉ የሚበጠበጠው ግን በ30ዋ ነው። ስለዚህ የሳምንቱን ዕቅድ ስትጽፉ መምህር ከማያገኘው ቡድን ጀምሩ። ምን ይሠራል? መመሪያውን ማን ያነብለታል? መሳሳቱን በምን ያውቃል? ሲጨርስስ ምን ያነሳል? እነዚህ አራቱ መልስ ካገኙ በኋላ የራሳችሁን ማስተማር ጻፉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ማን የት እንዳለ ማወቅ

በመዝገብ 3ኛ ክፍል የተባለ ልጅ በንባብ ገና 1ኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። ከአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያ የመጣም፣ ሁለት ዓመት ፍየል ጠብቆ የተመለሰም፣ ከተማ ዘመድ ቤት ተምሮ የመጣም አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ቡድን ከመመደባችሁ በፊት እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስነብቡት። ለአንድ ልጅ 4 ደቂቃ ይበቃል፤ 34ቱ በድምሩ 136 ደቂቃ ይወስዳሉ፤ በቀን 48 ደቂቃ ከተመደበ በሦስት ቀን ያልቃል።

መፈተኛው አንድ ገጽ ሆኖ አራት እርከን ይኑረው። የመጀመሪያው 20 ፊደላት ያለ ተራ የተቀመጡ፤ ሁለተኛው 10 አጫጭር ቃላት (ላም፣ ውሃ፣ ቤት፣ ግመል የመሳሰሉ)፤ ሦስተኛው 3 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፤ አራተኛው ከ6 እስከ 8 መስመር ያለው አንቀጽ ከ3 ጥያቄ ጋር። ከ20 ፊደል 16፣ ከ10 ቃል 8 ያነበበ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የልጁ ደረጃ ሳይቸገር ያለፈበት የመጨረሻው እርከን ነው። ለትክክለኛ ክፍሉ አዝናችሁ አንድ እርከን ከፍ አታድርጉት፤ የሚጎዳው እሱ ነው።

ፊደሉን በተራ አታስጠሩ። «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ከዳር እስከ ዳር የሚያወርድ ልጅ «ቡ»ን ብቻዋን ስታሳዩት ዓይኑን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ ከ«በ» ጀምሮ በሹክሹክታ ይቆጥርና ይደርስባታል። ይህ ልጅ የያዘው ዜማውን ነው። ሳድሱን በተለይ አትዝለሉ፤ ል፣ ም፣ ስ፣ ን፣ ር እንደ ካዕብና እንደ ሣልስ ወጥ ምልክት ስለሌላቸው ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። ተ ከቸ፣ ደ ከጀ፣ ነ ከኘ ጎን ለጎን ሳይሆኑ ተራርቀው ይቀመጡ፤ አጠገብ ለአጠገብ ካሉ ልጁ በማነጻጸር ይገምታል።

ሒሳቡን በቃል ጀምሩት። ከእናቱ ጋር ገበያ የሚውል ልጅ የ50 ብር መልስ ሲቆጥር መምህሩን ይቀድማል፤ 27ን ጻፍ ሲባል ግን 207 ይጽፋል። «ሃያ ሰባት» ሲሰማ መጀመሪያ ሃያን፣ ቀጥሎ ሰባትን ጽፎ ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ ከ1 እስከ 10 በጠጠር ማስቆጠር ጊዜ ማባከን ነው። የጎደለው የአስርና የአንድ ቤት አጻጻፍ ብቻ ስለሆነ በብር ኖትና በሳንቲም ሁለት ሳምንት ብታሠሩት ይያያዝለታል። በቃልም በጽሑፍም የማይችለው ግን ከጠጠሩ መጀመር አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ «ደካማ» ብሎ ማስቀመጥ በቅይጥ ክፍል ውስጥ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ክፍሉና ሰሌዳው

አንድ ጥቁር ሰሌዳ ለቅይጥ ክፍል አይበቃም። ሁሉም ወደ አንድ ግድግዳ ከዞረ ለ1ኛ ክፍል የምትናገሩትን 4ኛ ክፍል ይሰማል፣ የራሱን ይተዋል። ቢያንስ ሦስት ሰሌዳ በሦስት ግድግዳ ይኑር፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ይይ፣ ለሌላው ቡድን ጀርባውን ይስጥ። ታናናሾቹ ከመምህሩ ጠረጴዛ አጠገብ፣ 3ኛና 4ኛ ክፍል በሩቁ ጥግ ይሁኑ። የበሩን አካባቢ ለማንም ቋሚ አታድርጉት፤ በዚያ በኩል ያለ ቡድን የሚያልፈውን ግመል ሁሉ ይቆጥራል።

ሰሌዳ ለመሥራት የተለሰነ ግድግዳ ወይም ኮምፔርሳቶ ይበቃል። 1 ኩባያ ጀሶ በጥቂት ውሃ እንደ አጥሚት አቅጥኑና 3 ኩባያ የማያብረቀርቅ ጥቁር የውሃ ቀለም ጨምራችሁ አማስሉ። ጀሶው ቶሎ ስለሚደርቅ በግማሽ ሰዓት የምትቀቡትን ያህል ብቻ በጥብጡ። አንድ ጊዜ ቀቡ፣ አንድ ቀን ይደር፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሹት፣ ድጋሚ ቀቡ። ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ጠመኔ በአግድሙ ይዛችሁ ሰሌዳውን በሙሉ አልብሱትና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ይህች የመጨረሻዋ ሥራ ከተዘለለች መጀመሪያ የተጻፈው ጽሑፍ ጥላው ሳይለቅ ይኖራል። በየቦታው የተለመደው ያረጀ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ፈጭቶ መቀባት ይቅር። ጥቁሩ ዱቄት የማንጋኒዝ ውህድ ነው፤ ከጠመኔው አቧራ ጋር እየተነሳ ልጆች ይተነፍሱታል።

ከትልቁ ሰሌዳ ይልቅ ሥራ የሚያቀለው ግን የእጅ ሰሌዳ ነው። አንድ ሉክ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ሲቆረጥ 48 የእጅ ሰሌዳ ይወጣዋል። ለ34 ልጅ ተዳርሶ 14 መጠባበቂያ ይተርፋል። አናጺው ሲቆርጥ ጠርዙን እንዲያለሰልሰው ንገሩት፣ አለዚያ ስንጥር እጅ ይወጋል። መጥረጊያው አሮጌ ካልሲ ነው፤ ካልሲው ውስጥ ጠመኔው ይቀመጣል፣ አይጠፋም። ቁርአን የሚቀሩ ልጆች በሉህ (በእንጨት ሰሌዳ) ላይ ጽፎ፣ ቀርቶ፣ አጥቦ እንደገና መጻፍን ከቤት ይዘውት ይመጣሉ። እዚያ ትልቁ ታናሹን ያስቀራል፣ ሁሉም በየደረጃው ይቀጥላል፤ የቄስ ትምህርት ቤትም አካሄዱ ይኸው ነው። ቅይጥ ክፍል ለአካባቢው እንግዳ ነገር ነው የሚል ወላጅ ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱት።

የቆርቆሮ ጣሪያ ባለበት ቆላ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ አዲስ ነገር ማስተማር ከንቱ ልፋት ነው። ንባብና ሒሳብ ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይለቅ፤ ሥዕል፣ እጅ ሥራ፣ አካባቢ ሳይንስ በዳሱ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ይሁን።

ምኑ አንድ ላይ፣ ምኑ ለየብቻ

ንባብና ሒሳብ በደረጃ ይከፈላሉ፣ በክፍል አይከፈሉም። በተፈተኑት ውጤት መሠረት ለንባብ ሦስት ቡድን (ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ)፣ ለሒሳብ ሦስት ቡድን አውጡ። አራተኛ ቡድን አትጨምሩ፤ ለአንድ ሰው አይያዝም። አንድ ልጅ በንባብ ታችኛው፣ በሒሳብ ላይኛው ቡድን ቢገኝ ደግ ነው፤ ማንም በሁሉም ነገር የመጨረሻ እንዳይሆን ይረዳል።

አካባቢ ሳይንስ፣ ሥነ ጥበብና ሰውነት ማጎልመሻ ለሁሉም በአንድ ርዕስ፣ በተለያየ ሥራ ይሰጣሉ። ርዕሱ «ውሃ» ከሆነ 1ኛ ክፍል ውሃ የሚቀዳባቸውን ዕቃዎች ይሥላል፣ ስማቸውን ይገለብጣል፤ 2ኛ ክፍል ውሃ ለምን ለምን እንደሚውል 5 ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ 3ኛ ክፍል አሸዋ፣ ጠጠርና ከሰል በተደረደረበት በተቆረጠ ፕላስቲክ ጠርሙስ ድፍርስ ውሃ ያጠልላል፤ 4ኛ ክፍል የየቤቱን የቀን ፍጆታ በጀሪካን ጠይቆ ይመዘግብና ወደ ሊትር ይለውጣል። ማጥለሉ ውሃውን ያጠራዋል እንጂ ጀርም አይገድልም፤ ልጆቹ እንዳይቀምሱት ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የ3ኛና የ4ኛን አካባቢ ሳይንስ በዑደት ማስተማርም ይቻላል፦ ዘንድሮ ሁለቱም የ3ኛን፣ ከርሞ ሁለቱም የ4ኛን። ሒሳብን ግን በዑደት አትንኩት። ማካፈል የሚቆመው በማባዛት ላይ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ልጁ ይጠፋል። ዑደት ከያዛችሁ ደግሞ የዓመቱን ርዕሶች ጽፋችሁ በልጁ ማህደር አኑሩ፤ ወደ ከተማ የሚዛወር ልጅ ምን እንዳመለጠው ተቀባዩ መምህር በሌላ መንገድ አያውቅም።

የ40 ደቂቃው አከፋፈል

ለንባብም ለሒሳብም የሚሠራው አከፋፈል ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ላይኛውና መካከለኛው ቡድን ካርዳቸውን (በራሳቸው የሚሠሩትን ጥያቄ የያዘ ካርቶን፤ አሠራሩ ከታች አለ) አንስተው ይጀምራሉ፤ መምህሩ መጀመራቸውን በዓይኑ ያረጋግጣል። ከ5ኛው እስከ 20ኛው ደቂቃ መምህሩ ከታችኛው ቡድን ጋር ነው። ከ20 እስከ 23 ሁሉንም ዞሮ ያያል፣ የተጣበቀውን ያላቅቃል። ከ23 እስከ 36 ከመካከለኛው ወይም ከላይኛው ቡድን ጋር ይቀመጣል፤ አንድ ቀን ለአንዱ፣ በማግሥቱ ለሌላው። በዚህ ጊዜ ታችኛው ቡድን አሁን የተማረውን በእጅ ሰሌዳ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይለማመዳል። የቀሩት 4 ደቂቃዎች ለማረሚያና ካርድ ለመመለስ ናቸው።

ከታችኛው ቡድን የሚጀመረው መመሪያ አንብቦ በራሱ መነሳት ስለማይችል ነው። መጀመሪያ ትልልቆቹን «ለማስጀመር» የሚሄድ መምህር 15 ደቂቃ እዚያው ይቀራል፤ 13ቱ ሕፃናት እስከዚያ ወንበር ላይ ቆመዋል።

በጣም የተለመደው ብልሽት ጊዜው መፍሰሱ ነው። 15 ደቂቃ የተባለው 25 ይሆንና ሁለተኛው ቡድን ሳይታይ ደወል ይደወላል። ከላይኛው ቡድን አንድ ልጅ በየሳምንቱ ሰዓት ጠባቂ ይሁን፤ ጊዜው ሲደርስ መጥቶ ዝም ብሎ አጠገባችሁ ይቁም፣ አይጥራ። ትምህርቱ ባያልቅም ተነሱ። ያልተጨረሰው ለነገ ያድራል፤ ያልታየ ቡድን ግን ሁለት ቀን ስህተት ሲለማመድ ይከርማል።

ሌላው ብልሽት «መምህር፣ መምህር» የሚለው ጥሪ ነው። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ የለስላሳ ቆርኪ ስጡ፣ አንዱን ፊት ቀይ ቀቡት። ልጅ ሲቸግረው መጀመሪያ ካርዱን እንደገና ያነባል፣ ቀጥሎ ጓደኛውን፣ ከዚያ የቡድን መሪውን ይጠይቃል፤ ካልተፈታ ቀዩን ወደ ላይ ገልብጦ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። በ20ኛው ደቂቃ ስትዞሩ ቀይ ወዳለበት ብቻ ትሄዳላችሁ። ይህ በአንድ ቀን አይለመድም። የመስከረምን ሁለት ሳምንት ትምህርት ሳታጣድፉ ለዚህ ልምምድ ስጡ፦ ካርድ ማንሳት፣ መመለስ፣ በዝግታ ማውራት፣ ቆርኪ መገልበጥ።

ካርዱ

ካርዱ የመምህሩ ምትክ ነው። ከድሬዳዋው የቀፊራ ገበያ ሱቆች በርካሽ የሚገኝ ካርቶን 15 በ20 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ በማርከር ጻፉበት። ላዩን በሰፊ ግልጽ ፕላስተር ከሸፈናችሁት ዓመቱን ይዘልቃል፤ ካልተሸፈነ ግን ላብና አቧራ በሁለት ወር ይጨርሱታል። እያንዳንዱ ካርድ መለያ ቁጥር፣ አንድ መመሪያ፣ አንድ የተሠራ ምሳሌ፣ ከ4 እስከ 8 ጥያቄ፣ መጨረሻ ላይ «ከጨረስክ…» የሚል መስመር ይኑረው። መልሱ በጀርባው ይጻፍ፤ ማየት የሚፈቀደው ግን ሁሉም ጥያቄ ከተሠራ በኋላ፣ በቡድን መሪው እጅ ነው።

ለሒሳብ ላይኛው ቡድን አንድ ካርድ ይህን ይመስላል።

ሒ-3-07። ችግሩን አንብብ። ስሌቱን በደብተርህ ጻፍ። ምሳሌ፦ አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። 3 ጀሪካን፦ 3 × 20 = 60 ሊትር።
1. አህያዋ 4 ጀሪካን ትሸከማለች። በአንድ ጉዞ ስንት ሊትር ታመጣለች?
2. በቀን 2 ጊዜ ብትመላለስ ስንት ሊትር ይሆናል?
3. ከዚህ ላይ ፍየሎች 35 ሊትር ቢጠጡ ስንት ይቀራል?
4. የቀረውን 5 ሰዎች እኩል ቢካፈሉት ለአንድ ሰው ስንት ይደርሳል?
ከጨረስክ፦ ስለ ቤትህ ውሃ አንድ ጥያቄ ጻፍና ለጓደኛህ ስጠው።

የጀርባው መልስ 80፣ 160፣ 125 እና 25 ነው። አንዱ መልስ ለሚቀጥለው ጥያቄ መነሻ ስለሆነ 2ኛውን የተሳሳተ 3ኛውና 4ኛውም ይበላሹበታል። እንዲህ ያለ ካርድ ለላይኛው ቡድን ብቻ ይሁን፤ ለመካከለኛው ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ያልተያያዙ ይሁኑ።

ካርድ የሚከሽፈው በጥቂት ምክንያቶች ነው። መመሪያው ከሁለት መስመር ከበለጠ ልጁ አያነበውም፣ ይጠይቃል። ንባቡ ከልጁ የንባብ ደረጃ በላይ ከሆነ የሒሳብ ካርዱ የንባብ ፈተና ይሆናል። ለ7 ልጅ አንድ ቅጂ ከተሰጠ አንዱ ይሠራል፣ ስድስቱ ይገለብጣሉ፤ ለሁለት ልጅ አንድ ቅጂ ይድረስ። በአንድ ሌሊት መቶ ካርድ ለመጻፍ አትነሱ። ለሒሳብ 20፣ ለንባብ 20 ይዛችሁ ጀምሩ። በጉድኝቱ (በአንድ ማዕከል ሥር በተሰባሰቡ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች) ውስጥ ያሉ አምስት ትምህርት ቤቶች ርዕስ ተከፋፍለው 20 20 ካዘጋጁ 100 የተለያዩ ካርዶች ይሰበሰባሉ፤ ለሱፐርቫይዘሩ የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ የማርከርና የፕላስተር ወጪው ከትምህርት ቤቶቹ ድጎማ ይሸፈን፣ ማባዣው በጉድኝት ማዕከሉ ይሁን።

ትልቁ ታናሹን ሲያስጠና

የተማረውን ለታናሽ የሚያስረዳ ልጅ ራሱም ያጠናክራል፤ ገደብ ከሌለው ግን ነጻ ጉልበት ይሆናል። በቀን ከ15 ደቂቃ አይብለጥ፣ ተረኛው በየሳምንቱ ይለወጥ። ጎበዟን የ4ኛ ክፍል ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሕፃን ጠባቂ ማድረግ የእሷን ትምህርት መውሰድ ነው፤ ይህ ዕጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሴቶቹ ላይ ነው የሚወድቀው። በመዝገብ ካልተያዘ አይታወቅምና ተራውን በወረቀት አውጥታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

አስጠኚው ሦስት ነገር ይማር። የታናሹን ጠመኔ አይነካም። መልስ አይናገርም፤ «ምን ይላል?»፣ «እስቲ ድገመው»፣ «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቃል። ታናሹ ሁለት ጊዜ ከተሳሳተ ቆርኪውን ይገለብጣል። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት እናንተ እንደ ታናሽ፣ እሱ እንደ አስጠኚ ሆናችሁ በሁሉም ፊት ተለማመዱት። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ ይይዙታል።

ዕድሜው የገፋ ጀማሪ ለብቻው ይታሰብበት። የ13 ዓመት ልጅ ከ6 ዓመት ሕፃናት መካከል ተቀምጦ «ሀ ሁ» ሲል በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል። ፊደሉን ያንኑ ይማር፣ ቦታውና ቃሉ ግን ይለይ፦ ከትልልቆቹ ጎን ይቀመጥ፣ የሚያነበው ቃል የመድኃኒት ስም፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የአውቶቡስ ታፔላ ይሁን። በሒሳብ ብዙ ጊዜ ቶሎ ስለሚሄድ እዚያ ለሌላው አስጠኚ ይሁን።

ቋንቋው

በድሬዳዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን ካደረገ ወዲህ ይህ መሠረቱ ነው። በገጠሩ ከቤት የሚመጣው ቋንቋ በብዛት አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ነው፤ አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይመጣል። አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ ልጁ ሁለት የጽሕፈት ሥርዓት ይማራል። ሁለቱን ያለ ፋታ ማስከተል አያስኬድም፤ የላቲኑ ንባብ ጠዋት ከሆነ የአማርኛው ከእረፍት በኋላ ይሁን፣ ግድግዳውም ይለይ። የማስተማሪያው ቋንቋ ካርድ ጥቁር፣ የአማርኛው ሰማያዊ ማርከር ከሆነ ልጁ ሳያነብ ይለየዋል።

የአማርኛ ጀማሪ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ቃሉን በአፉ ይያዝ። «በግ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ልጅ «በ»ንና «ግ»ን ቢያገጣጥም ያነበበው ነገር የለም። በቀን 5 ቃል፣ ዕቃውን ወይም ድርጊቱን እያሳያችሁ፤ በሳምንቱ መጨረሻ የተያዘው ቃል ብቻ በካርድ ይጻፍ።

የሚቀር ልጅ

ማሽላው ሲያዘረዝር ከመስከረም እስከ ኅዳር ልጆች ወፍ ጥበቃ ይወጣሉ፣ ቀጥሎ አጨዳው ይመጣል። የገበያ ቀን፣ የውሃ ወረፋ፣ እረኝነቱ ተጨማሪ ነው። ወላጅ መገሰጽ የአንድ ሳምንት ውጤት አለው፤ ልጁ ሲመለስ ካቆመበት የሚቀጥልበት ሥርዓት ግን ዓመቱን ያገለግላል። የካርዱ ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በግድግዳ ላይ የእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ በትይዩ የካርድ ቁጥሮች ያሉበት ሠንጠረዥ ይለጠፍ፤ ልጁ የጨረሰውን ራሱ ይደፍነዋል። ከ10 ቀን በኋላ ሲመጣ ሒ-2-11 ላይ እንደነበር ያያል፣ ከዚያው ያነሳል።

ወንድምና እህት ተራ በተራ የሚመጡበት ቤት አለ፤ አንዱ ከብት ሲጠብቅ ሌላው ይማራል። ሁለቱን አንድ ጥንድ አድርጋችሁ መዝግቡና አንድ ትርፍ የእጅ ሰሌዳ ቤት ይኑራቸው። የመጣው ማታ ላልመጣው ሦስት ነገር ያሳያል፤ በማግሥቱ ያልመጣው መጥቶ ያንን ያሳያችኋል። በሙሉ ጊዜ መማርን አይተካም፣ ከምንም ግን ይሻላል።

ዓርብ የጁምዓ ሶላት ስላለ ትምህርቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይለቅ፤ ፈተና ዓርብ አትያዙ። በረመዳን ትልልቆቹ ይጾማሉ፤ ንባብና ሒሳቡን ከ4 ሰዓት በፊት ጨርሱ፣ ሰውነት ማጎልመሻውን ወደ ቃል ጨዋታ ቀይሩት።

ምዘናና ሮስተር

በቀን 5 ልጅ፣ ለአንዱ 3 ደቂቃ አስነብቡ፤ 34ቱ በ7 የትምህርት ቀን ይዳረሳሉ። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይበቃል፦ ቀን፣ ደረጃ፣ የተሰናከለበት ፊደል ወይም ስሌት። በየ6 ሳምንቱ ቡድኑን ከልሱ። ቡድን ሳይቀየር ዓመቱ ካለቀ ታችኛው ቡድን የሰነፎች መቀመጫ የሚል ስም ይወጣለታል።

ሁለት መዝገብ ያስፈልጋል። ሮስተሩ የክፍሉን ፈተና ይመዘግባል፤ 4ኛ ክፍል ያለ ልጅ በንባብ ገና የቃል ደረጃ ላይ ቢሆንም የ4ኛ ክፍል ፈተና ይቀመጣል። የደረጃ መዝገቡ ደግሞ ልጁ በእርግጥ የት እንዳለ ይይዛል። ሮስተሩን ለማሳመር ብሎ ደረጃውን ማምታታት ለሚቀጥለው መምህር ዕዳ መተው ነው። ለዚህ ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ከፈተናው ርዕስ አንድ አንድ አጭር ጥያቄ በቃል ጠይቁት፣ መልሱን ይናገር፤ ዕውቀቱ ከንባቡ ተለይቶ እንዲታይ።

ሱፐርቫይዘር ሲመጣ አራት የተለያየ የትምህርት ዕቅድ ለመጻፍ አትጨነቁ። አንድ ገጽ ሦስት ዓምድ ይኑረው፣ ለየቡድኑ አንድ፤ በየዓምዱ መምህር የሚገኝበትና የማይገኝበት ደቂቃ ይለይ። ለምን በክፍል ደረጃ እንዳልተከፈለ ከተጠየቃችሁ የደረጃ መዝገቡን ከጎኑ አድርጉ።

መምህሩ በማይኖርበት ቀን

አንድ መምህር ብቻ ያለበት ትምህርት ቤት መምህሩ ለስብሰባ ወይም ለደመወዝ ጉዳይ ከተማ በወረደ ቁጥር ይዘጋል። ከወተመህ (ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ጋር አስቀድማችሁ ሁለት ሰው አስመዝግቡ፤ ማንበብ ባይችሉም ልጆቹን መጠበቅ የሚችሉና መንደሩ የሚያምናቸው አዋቂዎች ይሁኑ። ልጆችን ያለ አዋቂ በቡድን መሪ ብቻ ትቶ መሄድ አይገባም። በዚያ ቀን አዲስ ካርድ አይወጣም፤ ካለፉት ሁለት ሳምንታት ካርዶች ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ተመርጠው በዋዜማው በየሰሌዳው ሥር ይቀመጡ። 1ኛ ክፍል እስከ እረፍት ብቻ ቆይቶ ከታላላቆቹ ጋር በቡድን ወደ ቤት ይሸኝ፣ ብቻውን አይላክ። የተሠራው ሁሉ በደብተር ይሁን፣ በእጅ ሰሌዳ የተጻፈው ስለሚጠፋ። በማግሥቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለዚያ ደብተር ማረሚያ ይዋል፤ ልጆቹ ያ ሥራ ሳይታይ መቅረቱን አንድ ጊዜ ካዩ ለሚቀጥለው ጉዞ የሚሠራ አይገኝም።